መልስ፦ የክላሲካል ትምህርት በሂፕ ሆፕ ውስጥ ይባክናል?
ጤና ይስጥልኝ። በክላሲካል ሙዚቃ የተማረ የሙዚቃ ደራሲ ወደ ፖፕና ሂፕ ሆፕ ሲሻገር ትምህርቱ ይባክናል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ የካሮላይን ሾውን መንገድ እንዲመለከቱ እመክርዎታለሁ። በራይስና በዬል ዩኒቨርሲቲዎች ቫዮሊን የተማረችው ይህች አሜሪካዊት፣ ለስምንት ድምፅ በጻፈችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ታዋቂውን የአሜሪካ ሽልማት፣ የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ያገኘችው በ30 ዓመቷ ሲሆን፣ ከእርሷ በፊት በዚያ ዕድሜ የተሸለመ የሙዚቃ ደራሲ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከራፐሩ ካንዬ ዌስት ጋር ሠርታ፣ ቀደም ሲል ላወጣው አንድ ዘፈን የራሷን ድምፅ እየደራረበች አዲስ መልክ ሰጠችው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው አልበሙም ተሳትፋለች። በእኔ ግምት እጅግ የሚያስደንቀው፣ ያለ መሣሪያ በሚዘምር አነስተኛ ቡድን ውስጥ ያዳበረችው የሰውን ድምፅ እንደ መሣሪያ የመጠቀም ችሎታ፣ ራፐሩ ከእርሷ የፈለገው ዋናው ነገር መሆኑ ነው። ለመዘምራንና ለገመድ መሣሪያዎች መጻፏንም አላቋረጠችም።