ቀይ የሆነ ሁሉ አርጅቷል ማለት አይደለም

ውድ ወጣቶች፣

«ጋላክሲዎች በዘመናት ውስጥ ከዋክብትን እንዴት እንደፈጠሩ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» እያላችሁ የምትጽፉልኝ በርክታችኋል። ዕድሜዬን የሰጠሁት ሥራ ነውና ደስ ይለኛል። የመጻሕፍት ዝርዝር ከምልክላችሁ ግን አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ፤ ከእሱ የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም።

ለዶክትሬቴ ሳጠናቸው ከነበሩት ጋላክሲዎች አንዷ በምስሉ ላይ ከጥቂት ፒክስል የማትበልጥ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ነበረች። ቀለሟን አየሁና ፈረድኩባት። ፍርዱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። ጋላክሲ አዳዲስ ከዋክብት ሲወልድ ጎልተው የሚታዩት ግዙፎቹና ሰማያዊዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ነዳጃቸውን ቶሎ ጨርሰው በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይሞታሉ። እንደ ፀሐያችን ያሉትና ከእሷ የሚያንሱት ግን ቢሊዮን ዓመታት ይኖራሉ። ስለዚህ መውለድ ያቆመ ጋላክሲ ሰማያዊዎቹን አጥቶ እየቀላ ይሄዳል። እኔም «ይህች ጋላክሲ ኮከብ መፍጠር ካቆመች ቆይታለች» ብዬ ጽፌ ዘጋሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዚያኑ የሰማይ ክፍል የሰብሚሊሜትር ካርታ (ከአንድ ሚሊሜትር በትንሹ በሚያንስ ሞገድ የተነሳ) አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ሞታለች ያልኳት ጋላክሲ ካለችበት ቦታ ላይ ቦግ ያለ ብርሃን አለ። ለካስ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን የሚያህል ኮከብ እየወለደች ኖሯል! አቧራዋ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጠዋል፤ በዚያ ይሞቅና መልሶ በኢንፍራሬድ ይለቀዋል፤ ሞገዱም ዩኒቨርስ እየሰፋ በመሄዱ በረጅሙ መንገድ ተለጥጦ እኛ ጋ ሲደርስ ሰብሚሊሜትር ይሆናል። በተራ ካሜራ የሚታየን ከአቧራው ያመለጠው ቀይ ብርሃን ብቻ ነው፤ ፀሐይ በአቧራማ አየር ውስጥ ስትጠልቅ እንደምትቀላው ማለት ነው። እርጅናም አቧራም ያቀላሉ። እኔ ሁለተኛውን ጭራሽ አልጠየቅኩም።

ሙያው ራሱ በዚሁ መንገድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ የሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕን ሥራ የሚመራው ተቋም ኃላፊ ሮበርት ዊልያምስ በኃላፊነቱ የሚያዝበትን የቴሌስኮፑን ጊዜ ለአሥር ቀናት ባዶ በሚመስል ትንሽ የሰማይ ቁራጭ ላይ አዋለው፤ 3,000 ያህል ጋላክሲዎች ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ተመራማሪዎች ከዚያ ምስል ተነስተው፣ ዩኒቨርስ በየዘመኑ ምን ያህል ኮከብ ይፈጥር እንደነበር በአልትራቫዮሌት ብርሃን አሰሉ። በ1998 ያው ቁራጭ ሃዋይ ውስጥ ከማውና ኬያ ተራራ በሰብሚሊሜትር ሲታይ ግን፣ ከሁሉም ለደመቀው ምንጭ በሀብል ምስል ላይ ይኼ ነው የሚባል ጋላክሲ ታጣለት። ርቀቱ በእርግጠኝነት የታወቀው በ2012 ነው። አሥራ አራት ዓመት! ውጤት በሦስት ወር ካልመጣ የምትጨነቁ ልጆች ይህን ቁጥር አስታውሱልኝ።

ዛሬ ታሪኩ በደንብ ተይዟል። የከዋክብት ውልደት እየጨመረ ሄዶ ከዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጣሪያው ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ አሁን ወደ አንድ አሥረኛው ወርዷል። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ በዓመት የሚወልደው አንድ ወይም ሁለት ፀሐይ የሚያህል ነው።

ለምን ቀነሰ? እዚህ ላይ ወደ ጋዙ ሂዱ። ኮከብ የሚወለደው ከቀዝቃዛ ሞለኪውላዊ ሃይድሮጂን ነው፤ ሃይድሮጂኑ ግን በዚያ ቅዝቃዜ ብርሃን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አብሮት ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ በ2.6 ሚሊሜትር ሞገድ እንከታተላለን። በቺሊ አታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አልማ የተባለው ቴሌስኮፕ 66 አንቴናዎች ይህን የመሰለውን ብርሃን ይለቅማሉ። የሚገርመው ጋዙ ሰነፍ መሆኑ ነው፦ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ሊወድቅ በሚችልበት ጊዜ ውስጥ ኮከብ የሚሆነው ከመቶ አንዱ ያህል ብቻ ነው። የሱፐርኖቫ (የሚሞቱ ግዙፍ ከዋክብት) ፍንዳታና የጥቁር ጉድጓዶች ጉልበት ጋዙን ያሞቁታል፤ ያባርሩታልም። ከዋክብቱን ብቻ አጥንቶ ጋዙን የተወ ሰው ለእኔ ታሪኩን ከመሃል የጀመረ ነው።

ሌላም ነገር አለ። «ይህ ጋላክሲ በዓመት ሃያ ፀሐይ ይወልዳል» ስንል የምናየው የግዙፎቹን ብርሃን ነው። ትናንሾቹን፣ በቁጥር እጅግ የሚበዙትን፣ በግምት እንጨምራቸዋለን። ግምቱ ጥሩ መሠረት አለው፤ ግምት መሆኑን ግን አትርሱ። ቁጥር በጻፋችሁ ቁጥር የቆጠራችሁትን ለብቻ፣ የገመታችሁትን ለብቻ ጻፉ። እኔ ያን ልማድ ቢኖረኝ ኖሮ «አቧራ የለም ብዬ ገምቻለሁ» የሚለውን ቃል በገዛ እጄ ጽፌ አየው ነበር።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋን ቢያትሪስ ቲንስሊን እወቋት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደማቅ ጋላክሲዎች ዩኒቨርስን መለኪያ ሻማ ነበሩ፣ ማለትም ርቀት ከድምቀታቸው ይሰላ ነበር፤ ብርሃናቸው በዘመናት ብዙም አይለወጥም ተብሎ ይታሰብ ነበር። እሷ በዶክትሬት ሥራዋ ከዋክብቱ ሲያረጁ ጋላክሲውም እንደሚለወጥ፣ ሻማውም እንደማይጸና አሳየች። አንጋፋዎቹ ቶሎ አልተቀበሏትም። በ1981 በአርባ ዓመቷ ሞተች፤ ዛሬ የጋላክሲን ዕድሜ ከቀለሙ የምናነብበት ዘዴ ግን በእሷ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

አሁን የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ከታላቁ ፍንዳታ (ከዩኒቨርስ መነሻ) 300 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላ ያበሩ ጋላክሲዎችን እያሳየን ነው፤ ብዙዎቻችን ከጠበቅነው በላይ ደማቅ ናቸው። ይህን የምትፈቱት እናንተ ናችሁ፤ እንዴት እንደምቀናባችሁ ብታውቁ!

የዚያችን ጋላክሲ ምስል እስካሁን አልጣልኩትም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከፍቼ «ለምን ቀላች?» እለዋለሁ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቀድሞ የሚመጣው መልስ «አርጅታ» ነው። ምስሉን አልዘጋውም፤ ሁለተኛው መልስ እስኪመጣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።