መልስ፦ ድርቅ ላለበት አገር ሳተላይት ምን ይሠራለታል?

ወንድሜ፣ «ገበሬው ዝናብ እየጠበቀ ሳተላይት ማምጠቅ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ላልከው፣ እኔ እንደውም ለገበሬው ነው የሚያስፈልገው ባይ ነኝ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 እኮ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ሥራዋ መሬት ማየት የሆነ የኢትዮጵያ ሳተላይት ነበረች። ካሜራዋ በዓይናችን የማናየውን ብርሃን ጭምር ይለይ ነበር። ጤነኛ ቅጠል ይህን ብርሃን በብዛት ያንጸባርቃል፤ ውሃ ሲጠማው ግን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ማሳው ገና አረንጓዴ መስሎ እያለ ችግሩ ከላይ ሊታወቅ ይችላል። አንዷ የምስል ነጥብ ወደ 14 ሜትር ስፋት ትሸፍን ነበር። ጎጆ ለይታ አታሳይም ነበር፤ የአንድ ወረዳን ሰብል ለመከታተል ግን ትበቃ ነበር።

ወጪውን በተመለከተ፣ ከ8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት። እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የእኛ መሐንዲሶች በንድፉ ተሳትፈዋል፣ የመቆጣጠሪያ ጣቢያውም እንጦጦ ላይ ነው፤ ግን ማምጠቂያው የሰው ነው፣ የእንዲህ ዓይነት ሳተላይት ዕድሜም አጭር ነው። ልጆቻችን እዚሁ ገጣጥመው የሚሞክሩበት ቦታ ካላገኙ በየጊዜው ደጅ መጥናታችን አይቀርም። ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይዋል።