ጥር ላይ ለሚመጡ እንግዶች የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትና የቡና ጓሮ

የጅማውን ቤተ መንግሥትና የቡና ጓሮ ለእንግዶችህ በአንድ ቀን ማሳየት ይቻል እንደሆነ ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ይታያሉ። የቡና ለቀማው ግን ጥር ላይ ሊያመልጥህ ይችላል። እንግዶችህ ቀዩን ቡና ከዛፉ መልቀም ካማራቸው ጉዞውን ወደ ኅዳር አምጣው። ቀኑ የማይቀየር ከሆነም ችግር የለም። በጥር ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲገላበጥ ይደርሱበታል። ሲነኩት ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ሽታውም ጣፈጥ ያለ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ከለቀማው ይሻላል።

1. ጠዋት ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ኮረብታ፣ ወደ ጅሬን ውጡ። ከከተማው ሩቅ አይደለም፤ ከኮረብታው ላይ ጅማ ቁልጭ ብላ ትታያለች። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ከዚህ ነው። የእንጨት ሥራውን፣ በተለይ ሰገነቱን፣ ቀስ ብላችሁ እዩ። አንዳንዴ ዕድሳት ስለሚኖር ክፍት መሆኑን ቀድመህ ጠይቅ። የንጉሡን ዕቃዎች ለማየት ከተማ ውስጥ ያለው ሙዚየም ጎራ በሉ።

2. ከሰዓት ወደ ቡናው። ባለጓሮውን በዋዜማው ደውለህ አስፈቅደው። “ኬሚካል የለበትም ወይ?” ላልከው፣ ብዙው የጓሮ ቡና የሚያድገው በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር፣ በረገፈ ቅጠልና በፍግ ነው። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ባለቤቱን ጠይቅ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ቡና ሽታ ይስባል። አንዴ ይዣቸው የሄድኩ ሰዎች ሽቶ የተነፋ ጃኬታቸውን ጀንፈሉ ላይ ጣል አደረጉት። ባለቤቱ ፊቱ ተቀያየረ እንጂ ምንም አላለም። ቡና ግን ሳይፈላልን ተመለስን። ጃኬትና ቦርሳ መኪና ውስጥ ይቅር።