ሳያሸንፉ መክበር፦ ስለ ሻምፒዮንስ ሊግ ገንዘብ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሻምፒዮንስ ሊግ ገንዘብ የአገር ውስጥ ሊጎችን ፉክክር ይጎዳል ይባላል። ጎበዝ ክለብ ቢሸለም ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

መልስ፦ መሸለሙማ ይገባዋል። ችግሩ ገንዘቡ ሳያሸንፉም መገኘቱ ነው። የስሎቫኪያውን ስሎቫን ብራቲስላቫን እንይ። በ2024/25 ሻምፒዮንስ ሊግ ስምንት ጨዋታ አድርጎ ስምንቱንም ተሸነፈ። ሴልቲክ 5 ለ 1፣ ማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 0 ረቱት። አንዲት ነጥብ እንኳ አልያዘም። ግን የሊግ ዙሩ (ከማጣሪያው በኋላ ያለው ዋናው ውድድር) ውስጥ በመግባቱ ብቻ 18.62 ሚሊዮን ዩሮ አገኘ። አንድ ድል የሚያስገኘው 2.1 ሚሊዮን ነው። አስቡት፤ መግባት ብቻውን ስምንቱንም ከማሸነፍ በላይ ይከፍላል! ይህን ይዞ አገሩ ሲገባ የሚገጥመው ያን ያህል ገንዘብ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ክለቦችን ነው። በዚያው ዓመት ለሰባተኛ ተከታታይ ጊዜ የአገሩን ሊግ ዋንጫ አነሳ። ዋንጫው ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ በር ይከፍትለታል።

ጥያቄ፦ ውድድሩን የሚመራው የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር፣ ዩኤፋ፣ ለማይሳተፉት ክለቦች አያካፍልም እንዴ?

መልስ፦ ያካፍላል። ከ2024 ጀምሮ ከውድድሮቹ ገቢ የሚደርሳቸው ድርሻ ከ4 ወደ 7 በመቶ አድጓል፤ በዓመት 308 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ግን በመላው አውሮፓ ላሉ ክለቦች ሲበተን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ጥሩ ጅምር ነው፤ ልዩነቱን ግን አያጠብም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ላይስ ይህ ጉዳት ለምን ብዙም አይታይም?

መልስ፦ የሊጉ የራሱ የቴሌቪዥን ገቢ ግዙፍ ስለሆነና ለሁሉም በደንብ ስለሚዳረስ። ጉዳቱ የሚብሰው የቴሌቪዥን ገቢያቸው ትንሽ በሆነ ሊጎች ነው። ቡልጋሪያን ተመልከቱ፤ ሉዶጎሬትስ ከ2012 እስከ 2025 ድረስ 14 ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል። ባለሀብት ባለቤት እንዳለው አልክድም። ግን የአውሮፓ ገንዘብ ሲጨመርበት ማን ይድረስበት?

ጥያቄ፦ መፍትሔ አለው?

መልስ፦ የኔዘርላንድ ክለቦች ከአውሮፓ ገቢያቸው 5 በመቶውን ለሌሎቹ የአገራቸው ክለቦች ለማካፈል ተስማምተዋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ መጠኑ ግን ያንሳል። እኔ ብጠየቅ ቢያንስ ሩቡ ይካፈል እላለሁ።

ጥያቄ፦ ክሮኤሺያ ውስጥ በ2025 ሪዬካ ዲናሞ ዛግሬብን ቀድሞ ሻምፒዮን ሆኖ የለ? ታዲያ ይቻላል ማለት ነው።

መልስ፦ ሆኗል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ዲናሞ በዚያ ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ተጫውቶ፣ ገንዘቡንም አግኝቶ ነው የተቀደመው። በነጥብ እኩል ጨርሰው በእርስ በርስ ውጤት ተለዩ። ግን ሪዬካ ገንዘቡ ጋ ለመድረስ ገና ማጣሪያውን ማለፍ ነበረበት። ሁለተኛው ዙር ላይ ተሸነፈ። ያሸነፈው ሉዶጎሬትስ ነው።