«ለእኔ ለምን አልነጋልኝም?» — ስለ ንጋትና ስለ መታደስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ለብዙ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ርቄ ከኖርኩ በኋላ ከሦስት ዓመት በፊት በንስሐ ተመልሻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸሎቱም ቃሉም ይጣፍጠኝ፣ ሁሉም ነገር ብርሃን መስሎ ይታየኝ ነበር። አሁን ግን ያ ስሜት የለም፤ ይባስ ብሎ ቀድሞ ኃጢአት የማይመስለኝ ቅናት፣ ሐሜት፣ የልብ ትዕቢት ሁሉ እየጎላ ይታየኛል። ስብከት በሰማሁ ቁጥር «ሌሊቱ አልፏል፣ ነግቶላችኋል» ይባላል፤ ለእኔ ግን አልነጋልኝም። ንስሐዬ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነውን? መጽሐፍ ቅዱስስ የነፍስን መታደስ በብርሃንና በንጋት የሚመስለው ለምንድን ነው? ደግሞም ማለዳ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መጸለይን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የፀሐይ አምልኮ ቅሪት ነው» ብሎኛል፤ ምን ልመልስለት?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎም ጋር ይሁን። በመጨረሻ ያነሡት የምሥራቅ ነገር አጭር መልስ ስላለው ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፤ የልብዎ ጭንቀት ያለው ከፊተኛው ላይ ነውና ከእርሱ እጀምራለሁ። ንስሐዎ ተቀባይነት አላገኘም የሚያሰኝ ነገር በጻፉልን ውስጥ አላየሁም። እንዲያውም ላለመንጋቱ ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ነገር መንጋት ለመጀመሩ ምልክት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

«ነጋ» ሲባል ሲሰሙ እርስዎ የሚጠብቁት ቀትርን ይመስለኛል። ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል፤ መጀመሪያ አጥቢያ ኮከብ ይወጣል፣ ከዚያ ጎሕ ይቀዳል፣ ሰማዩ ወገግ ይላል፣ ፀሐይ ብቅ የምትለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በዚህ መካከል «ገና ጨለማ ነው» የሚለውም «ነግቷል» የሚለውም ሰው አይዋሽም። ጠቢቡ «የጻድቃን መንገድ ግን እንደ ንጋት ብርሃን ነው» ብሎ ሲያበቃ ሙሉ ቀን እስኪሆን ድረስ እየተጨመረ እንደሚበራ የነገረን (ምሳ. 4፥18) ጽድቅ የሚጨመርበት መንገድ እንጂ በአንድ ጊዜ የሚያዝ ዕቃ እንዳልሆነ ሊያስተምረን ነው። ጌታችንም በቤተ ሳይዳ ወደ እርሱ ያመጡትን ዕውር በአንድ ቃል ሊያበራለት ሲቻለው ሁለት ጊዜ እጁን ጫነበት፤ ከመጀመሪያው በኋላ ሰውዬው ያየው ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ ነበር (ማር. 8፥22-25)። ያ ሰው በሁለቱ መካከል ሳለ «አልዳንኩም» ቢል ይሳሳት ነበር፤ «ጨርሶ ድኛለሁ» ብሎ ቢሄድም እንዲሁ። አብዛኞቻችን ያለነው በዚያ መካከል ነው፤ የሚያስፈልገንም ከጌታ ፊት ሳይሸሹ መቆየት ብቻ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ መታደስን በንጋት የሚመስለው ብርሃን ደስ የሚያሰኝ ነገር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ንጋት ሰው ሊሠራው የማይችለው ነገር ነው። መብራት እናበራለን፣ እሳት እናነድዳለን፤ ጎሕን ግን የሚቀድድ የለም። ዳዊት ነፍሱ ጌታን የምትጠብቀው ጠባቂዎች ንጋትን ከሚጠብቁት ይልቅ አብልጣ እንደሆነ ሲናገር (መዝ. 129/130፥6) ይህን ያውቃል፤ ጠባቂው ነቅቶ ስላደረ ፀሐይን አያፈጥናትም፣ ሲያንቀላፋም አያስቀራትም። የእርሱ ድርሻ ስትመጣ ነቅቶ መገኘት ነው። ካህኑ ዘካርያስ ደግሞ ከዚህ አልፎ አንድ እንግዳ ነገር ይናገራል። ሁላችንም የምናውቀው ንጋት ከአድማስ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ዘካርያስ ያየው ብርሃን ግን «ከላይ የመጣ» ነው፤ የመጣበትም ምክንያት የሰዎች መንቃት ሳይሆን የአምላካችን ምሕረትና ርኅራኄ ነው (ሉቃ. 1፥78)። እዚህ «ብርሃን» ተብሎ የተተረጐመው የወንጌሉ የግሪክ ቃል የፀሐይን መውጣትም ምሥራቅንም የሚያመለክት አንድ ቃል ሲሆን፣ የእኛም «ምሥራቅ» «ሠረቀ»፣ ማለትም «ወጣ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ነው። ከታች የማይወጣ፣ ከላይ የሚወርድ ንጋት! ተፈጥሮ የማታውቀውን ንጋት ሽማግሌው ካህን በአንድ ቃል ገለጠው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆይ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ምእመናን የሚሰናከሉት እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ወልድን «ብርሃን ዘእምብርሃን»፣ ከብርሃን የተገኘ ብርሃን ብለው ሲመሰክሩ፣ ብርሃን የምንለው እርሱ ራሱ ክርስቶስ እንደሆነ እየነገሩን ነው። ነቢዩ ሚልክያስም የጽድቅ ፀሐይ ያለው እርሱን ነው (ሚል. 4፥2)። እንግዲያው ብርሃኑ እርሱ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተሰማዎት ጣዕም ብርሃኑ ሳይሆን የብርሃኑ ሙቀት ነበር። ሙቀት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ደመናም ይከልለዋል። ሙቀቱ ስለቀነሰ ፀሐይ ጠለቀች ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በስብከታችን ውስጥ ብርሃንን ከስሜት ጋር ፈጽመን ስላጣበቅነው ለዚህ ስሕተት እኛ መምህራንም ተጠያቂዎች ነን ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ራስዎ ማስረጃ ልመለስ። ቀድሞ የማይታይዎት ኃጢአት አሁን እየጎላ እንደሚታይዎት ጽፈዋል። በጨለማ ልብሱን የለበሰ ሰው እድፉን የሚያየው ሲነጋ ነው፤ እድፉ ግን ከንጋቱ ጋር አልመጣም፣ አብሮት አድሯል። ሐዋርያው ጳውሎስ «ሌሊቱ አልፎአል፥ ቀኑም ቀርቦአል» ካለ በኋላ ወዲያው የሚናገረው ስለ ማውለቅና ስለ መልበስ መሆኑን ያስተውሉ፤ የጨለማን ሥራ አውጡ፣ የብርሃንን የጦር ዕቃ ልበሱ፣ በመጨረሻም ጌታን ኢየሱስ ክርስቶስን ልበሱት ይላል (ሮሜ 13፥12-14)። ለሐዋርያው ንጋት የመተኛ ሰዓት አይደለም፤ ሰው ልብሱን አይቶ የሚቀይርበት ሰዓት ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ደግሞ በመልእክቱ በብርሃን የሚመላለሱትን የልጁ የኢየሱስ ክርስቶስ ደም ከኃጢአት ሁሉ ያነጻቸዋል ይላል፤ ቀጥሎም ኃጢአት የለብንም ብንል ራሳችንን እናስታለን ይላል (1ኛ ዮሐ. 1፥7-8)። ልብ ይበሉ፤ የሚነጹት በብርሃን የሚመላለሱት ናቸው። በብርሃን ውስጥ የሚታጠብ ነገር ባይኖር ኖሮ ማንጻት ምን ያደርግ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ386 የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ በሚላኖ በአንድ የአትክልት ስፍራ ሆኖ ያነበበው ይህንኑ የሮሜ ምዕራፍ 13 ቃል ነው። የጥርጥሩ ጨለማ ሁሉ በዚያች ሰዓት እንደ ሸሸ መስክሯል። ብዙ ሰባኪዎች ታሪኩን የሚያቆሙት እዚያ ላይ ነው። እርሱ ግን ከዓሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ በሕልሙ ሳይቀር ስለሚፈታተነው ፈቃደ ሥጋና የሰውን ምስጋና ስለ መውደዱ በግልጥ ጽፏል። ብርሃኑ እውነተኛ ነበር፤ ያልጸዳውንም አሳየው።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የሚያስረዳው የዮሐንስ ወንጌል ነው። በዚህ ወንጌል ሌሊትና ማለዳ ተራ ሰዓታት አይደሉም። ይሁዳ ቁራሹን ተቀብሎ ሲወጣ ወንጌላዊው «ሌሊትም ነበረ» ይላል (ዮሐ. 13፥30)፤ ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደውም በዚያው ሌሊት በፍም እሳት ዳር ሲሞቅ ነው። በእሑድ ማለዳ ደግሞ መግደላዊት ማርያም ወደ መቃብሩ የመጣችው «ገና ጨለማ ሳለ» ነው (ዮሐ. 20፥1)። ትንሣኤው የተፈጸመበትን ቅጽበት ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱም አልጻፈውም፤ ያየው ሰው አልነበረምና። ለማርያም ጨለማ ነበረ፣ ዕንባ ነበረ፤ ጌታ ግን አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ለእርስዎ ያልነጋልዎት መስሎ መታየቱ ስለ መቃብሩ ምንም አይናገርም ማለቴ ነው። ማርያም ራሷ ጌታን ፊት ለፊት አይታው አትክልተኛው መስሏት ነበር፤ ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ማለዳ ይመጣል። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው አንዳች አልያዙም፤ በነጋ ጊዜ ኢየሱስ በባሕር ዳር ቆሞ ነበር፤ እነርሱ ግን እርሱ እንደሆነ አላወቁም (ዮሐ. 21፥4)። ወደ ምድር ሲወጡ ያገኙት ፍም ነበር። የግሪኩ ቃል በሐዲስ ኪዳን የሚገኘው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ጴጥሮስ በካደበት ግቢና በዚህ ባሕር ዳር። ጌታ ጴጥሮስን ያደሰው ያን ሌሊት በማስረሳት ሳይሆን ወደ ፍሙ መልሶ በማምጣት ነው፤ ሦስት ጊዜ ለካደው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። በሦስተኛውም ጴጥሮስ አዘነ ይላል። ንጋት ነበር፣ ጌታ በፊቱ ነበረ፣ ሹመቱም እየተመለሰለት ነበር፤ እርሱ ግን አዘነ። እንግዲህ ኃጢአትዎን እያዩ ማዘንዎ ከብርሃን ውጭ እንደሆኑ እንዴት ያስረዳል? ያዕቆብም ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ፀሐይ በወጣችበት ጊዜ ተባርኮ ነበር፤ ደግሞም ያነክስ ነበር (ዘፍ. 32፥31)። መታደስ ጠባሳን ሁሉ የሚያጠፋ የሚመስላቸው ይህን ቢያነቡ መልካም ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለነፍስዎ አልተጠነቀቅሁም። ኃጢአቱን አይቶ ወደ ብርሃን የሚቀርብ ሰውና ኃጢአቱ እንዳይገለጥበት ከብርሃን የሚሸሽ ሰው (ዮሐ. 3፥20-21) ሁለቱም ልባቸው ይከብዳቸዋል፤ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በንስሐ ጊዜ ያልተናገሩት፣ እያወቁ ያስቀሩት ነገር ካለ፣ ስለ ጣዕም ማጣት ከመጨነቅ በፊት ወደ ንስሐ አባትዎ ሄደው እርሱን ይናገሩ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ግን ያለፈውን ተናዝዘው የተፈታልዎትን ኃጢአት እንደገና እየቆፈሩ ራስዎን አያድክሙ። እንቅልፍና ምግብ እስከ ማጣት፣ በሕይወት ተስፋ እስከ መቁረጥ የደረሱ እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሥጋ ሕመምም ሊሆን ይችላልና ሐኪም ማማከር ከእምነት ጉድለት አይቆጠርም።

ስለ ምሥራቅ፣ የባልደረባዎ ክስ አዲስ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሰሜን አፍሪካው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱልያኖስ ክርስቲያኖች ወደ ምሥራቅ ዞረው ስለሚጸልዩ ፀሐይን ያመልካሉ ተብለው እንደሚጠረጠሩ ጽፎ መልስ ሰጥቷል። ፀሐይን ማምለክማ በመጽሐፍ የተወገዘ ነው፤ ሕዝቅኤል ጀርባቸውን ለቤተ መቅደሱ ሰጥተው ወደ ምሥራቅ ለፀሐይ የሚሰግዱትን ሰዎች ያየው እንደ ርኵሰት ነው (ሕዝ. 8፥16)። በዘፍጥረትም ብርሃን በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ ግን በአራተኛው ቀን ተፈጠረች፤ ፀሐይ የብርሃን ዕቃ እንጂ ጌታው አይደለችም። ቅዱስ ባስልዮስ ወደ ምሥራቅ የምንጸልየው እግዚአብሔር በምሥራቅ የተከላትን ገነት፣ የቀድሞ አገራችንን፣ ስለምንሻ ነው ይላል። በ4ኛው መቶ ዓመት በኢየሩሳሌም ተጠማቂዎች ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዱ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን ይመሰክሩ እንደነበር ቅዱስ ቄርሎስ ለአዲስ ተጠማቂዎች ያስተማረው ይነግረናል፤ ከእርሱ በፊትም ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ጥምቀት «ማብራት» ተብሎ ይጠራ እንደነበር ጽፏል። ለባልደረባዎ ይህን ይንገሩት፤ ክርክር ከፈለገ ግን አይከራከሩት።

ማለዳ መጸለይን በተመለከተ፣ ጌታችን ራሱ ማለዳ ተነሥቶ ገና ሌሊት ሳለ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ጸልዮአል (ማር. 1፥35)። የኤርምያስ ሰቆቃው የእግዚአብሔር ምሕረት ማለዳ ማለዳ አዲስ እንደሆነ የሚናገረው (ሰቆ. 3፥22-23) ኢየሩሳሌም ከፈረሰች በኋላ ነው፤ በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ነቢዩ ወደ ብርሃን ሳይሆን ወደ ጨለማ እንደ ተመራ አልቅሷል፤ ሁለቱን ቃል የተናገረው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ የማለዳ ጸሎት ልባቸው ለሞቀላቸው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሌሊት ሠርቶ በማለዳ የሚተኛ ሰው ወይም ታማሚ በሚነሣበት ሰዓት ቢጸልይ ያችው ሰዓት ነግሁ፣ ማለትም የማለዳ ጸሎት ሰዓቱ ናት፤ እንቅልፍ ጥሎት ሰዓቱ ያለፈውም ቀኑን ሙሉ በጸጸት ከሚያሳልፍ፣ በነቃበት ሰዓት ቢጸልይ ይሻላል።

ለእርስዎ የምመክረው በየማለዳው ረጅም ጸሎት እንዲጨምሩ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ የማለዳ መዝሙር ሆኖ ሲጸለይ የኖረውን 62ኛውን (በሌላው አቈጣጠር 63ኛውን) መዝሙር ይያዙ። «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ወደ አንተ እገሠግሣለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ መገሥገሥ በጥንት ትርጉሙ ሳይነጋ ተነሥቶ መንገድ መጀመር ነው። ዳዊት ይህን የጸለየው ውኃ በሌለበት ምድረ በዳ ሆኖ «ነፍሴ አንተን ተጠማች» እያለ ነው። ጣዕሙ ባይሰማዎትም በዝግታ ያንብቡት፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲልዎትም በመኝታዬ አስብሃለሁ የሚለው ቃል እዚያው መዝሙር ውስጥ አለልዎት።