ቁልፉ ሲዞር «ቷ» ብሎ ዝም የሚል መኪና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ አሮጌ ማኑዋል የቤት መኪና ናት። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር አንዴ «ቷ» ትልና ዝም ትላለች። አራት አምስት ጊዜ ስሞክር በድንገት ትነሳለች። «ባትሪው አርጅቷል» ተብዬ ባለፈው ወር አዲስ ገዛሁ፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ «ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ሙሉ በሙሉ ይቀየር» እየተባልኩ ነው። ምን ይሻለኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለተኛውን ወጪ ከማውጣትዎ በፊት ድምፁን ልብ ይበሉት። የደከመ ባትሪ «ጠጠጠጠ» የሚል ተከታታይ ድምፅ ያሰማል፤ ወይም ሞተሩን እያቃሰተ ያዞረዋል። አንዴ ብቻ «ቷ» ካለ ግን የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ወፍራሙን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ) ተስቧል፣ ወፍራሙ ኤሌክትሪክ ግን ወደ ውስጥ አላለፈም ማለት ነው። ማታ የፊት መብራት አብርተው ቁልፉን ያዙሩ። «ቷ» ሲል መብራቱ ጭል ጭል ብሎ ሊጠፋ ከደረሰ ባትሪውን፣ ተርሚናሉን ወይም የተያዘ ሞተሪኖ ይጠርጥሩ። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ባትሪውን ይተዉት።

ከዚያ መለካት ነው። ሙልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በ20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉ። መኪናው ካደረ በኋላ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ከሆነ ቻርጅ ሳያደርጉ ሌላ ምርመራ አይጀምሩ። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ደግሞ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም።

አሁን ዋናው ልኬት። ካምቢዮው ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ የሙልቲሜትሩን ጥቁር ገመድ የሞተሪኖው አካል ላይ፣ ቀዩን ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ገመድ የታሰረበት ቡሎን ላይ ይያዙ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። «ቷ» ባለበት ቅጽበት 12 ቮልት አካባቢ ካለና ሞተሪኖው ካልዞረ ችግሩ ውስጡ ነው። ባትሪው ላይ 12 እያለ እዚህ ወደ 4 ወይም 5 ከወረደ ግን ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው፦ የላላ ወይም ነጭ ዝገት የያዘ ተርሚናል፣ አለዚያም ከሞተሩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚሄደው ገመድ። ገመዱ መብራት ስላበራ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሞተሪኖ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል፤ 0.01 ኦም የምታህል ዝገት በ150 አምፔር ጊዜ 1.5 ቮልት ትበላለች። አምፖል ይህን አይሰማውም። ዝገቱን በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ካሰሩ በኋላ ቫዝሊን ይቀቡት።

ውስጡ ከሆነስ? መኪናዎ ቶዮታ ከሆነች ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ያለው ዴንሶ ሠራሽ ሞተሪኖ በሶሌኖይዱ ጀርባ፣ በሦስት ትንንሽ ቡሎኖች ከታሰረው ክዳን ሥር፣ ሁለት የመዳብ መገናኛዎች አሉት። በየማስነሳቱ ብልጭታ እየበላቸው ይሳሳሉ፤ በተለይ በባትሪው በኩል ያለው። አንዳንዴ የሚነሳው አንዳንዴ የማይነሳው ለዚህ ነው። መዳቡን ፈግፍጎ መመለስ ለጥቂት ቀን ካልሆነ አይሠራም፤ የጎደለው ቁመቱ ነውና። ሁለቱን ይቀይሩ፤ ሁለቱን የምታገናኘው የፒስተኗ ዲስክ የተቦረቦረች ከሆነ እሷንም። ያን ያህል ከተፈታ ካርቦኖቹም (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት) ይታዩ። «መዶሻ ሲያገኘው ይነሳል» የሚባል ሞተሪኖ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ ያለቀ ነው። ከመፍታትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፤ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ገመድ በብዙ መኪና ፊውዝ የለውም፣ የመፍቻ ቁልፍዎ ብረት ከነካ ይበየዳል።

ጥያቄ፦ ሦስት ቀን ካቆምኩት ባትሪው ሞቶ አገኘዋለሁ። በየቀኑ ስነዳው ግን ችግር የለም። ባትሪው 45 አምፔር ሰዓት ነው። (ከባህር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ ሞተሩን አስነስተው ባትሪው ላይ ይለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካለ ዲናሞው እየሞላ ነው። ቀጥሎ የሚያፈሰውን መፈለግ ነው። 0.3 አምፔር ብቻ ቢያፈስ በ72 ሰዓት 21.6 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም የአዲስ ባትሪ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ያረጀ ባትሪ ይህን አይችልም።

ቁልፉን ያውጡ፣ ሁሉንም በር ይዝጉ፣ ኔጌቲቩን ነቅለው ሙልቲሜትሩን በ10 አምፔር ቀዳዳ በገመዱና በባትሪው መካከል ያስገቡ። ያኔ ቁልፍ እንዳያዞሩ፤ የሙልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። 0.05 አምፔርና ከዚያ በታች ጤነኛ ነው። ከበለጠ ፊውዞችን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት መስመር ሌባው ያለበት ነው። የትኛውም ፊውዝ ካላወረደው፣ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ቴፕ በቀጥታ ከባትሪ ወስዶ ይሆናል፤ አለዚያም የዲናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ያስተላልፋል።

ጥያቄ፦ ኦቶማቲክ ናት። መብራቱ ሁሉ ደማቅ ነው፣ ቁልፍ ሳዞር ግን ምንም ድምፅ የለም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማርሹን ኤን (N፣ ዜሮ) ላይ አድርገው ይሞክሩ። ከተነሳች ችግሩ የማርሽ ቦታ መለያው ማብሪያ ነው። ካልተነሳች የሞተሪኖውን ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) አንድ ዓይነት ቁጥር ካለው የክላክስ ሪሌ ጋር ያቀያይሩ። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት የሚብለጨለጭ ከሆነ ሁለተኛውን ቁልፍ ይሞክሩ። በኋላ የተገጠመ አላርም ካለ የሞተሪኖውን መስመር የሚቆርጠው የራሱ ሪሌም ይታይ።

ጥያቄ፦ ኦቶማቲክ መኪና ተገፍቶ ይነሳል?

መልስ፦ አይነሳም ማለት ይቻላል። ሞተሩ ሲቆም የካምቢዮው ዘይት ፖምፓም ይቆማል፤ ያለ ዘይት ግፊት ጎማው ሞተሩን አያዞረውም። ባትሪው ከሞተ ከሌላ መኪና ደህና ባትሪ በኤሌክትሪክ ገመድ ያስነሱ፦ ቀዩ መጀመሪያ የሞተው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከዚያ የደህናው ፖዘቲቭ ላይ፤ ጥቁሩ የደህናው ኔጌቲቭ ላይ፣ የመጨረሻው ጫፍ የሞተው መኪና ሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ። ባትሪ ሃይድሮጂን ጋዝ ይተነፍሳል፤ የመጨረሻዋ ብልጭታ አጠገቡ መውጣት የለባትም።