የጳጉሜን ጠበል ያላገኘ ሰው ዓመቱን እንዴት ይፈጽማል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው። አገር ቤት ሳለሁ ጳጉሜን በገባ ቁጥር ጠበል እጠመቅ ነበር። እዚህ ግን ቤተ ክርስቲያንም ጠበልም የለም፣ ከቤትም አያስወጡኝም። «በጳጉሜን ያልተጠመቀ የዓመቱን ኃጢአት ይዞ ይሻገራል» ሲሉ ሰምቼ ተጨነቅሁ። ከእህቴም ጋር በላክሁላት ብር የተነሣ ተኳርፈናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ አይዞሽ። ይህን «ይዞ ይሻገራል» የሚሉትን ነገር ከስንቱ ሰው ሰምቼዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብላ አታስተምርም።

ጠበሉን ማቃለሌ እንዳይመስልሽ። ጳጉሜን 3 በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ሲሯሯጡበት፣ እናቶች ከጣራ የሚወርደውን በሳፋ ተቀብለው ሊጡ ላይ ጠብ ሲያደርጉ አንቺም እያየሽ ነው ያደግሽው። በረከት ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ውኃውን በንስሐ ቦታ ስናስቀምጠው ነው።

በአንድ የገጠር አጥቢያ ሳገለግል አምስቱንም ቀን ሌሊት ተነሥቶ ወንዝ የሚወርድ ሰው ነበር። ከወንድሙ ጋር በእርሻ ድንበር ከተጣሉ ዓመታት አልፈዋል። ወንድሙም እዚያው ወንዝ ይወርዳል። አንዱ ሲጠመቅ ሌላው ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተራውን ይጠብቃል። ሁለቱም በአንድ ውኃ ታጥበው ይወጣሉ፤ እንቍጣጣሽ ሲነጋም ኩርፊያው እንዳለ ነው። ዓመት ስለ ተለወጠ ብቻ የተሰረዘ ኃጢአት የለም ልጄ።

አንቺን የሚመስል ሰው ግን በወንጌል አለ። ዮሐንስ ምዕራፍ 5ን አውጪና አንብቢው። መልአኩ የመጠመቂያይቱን ውኃ ሲያናውጠው ቀድሞ የገባ ይድናል፤ ያ መጻጉዕ የምንለው በሽተኛ 38 ዓመት ተኝቶ «በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» አለ። ጌታ ተሸክሞ ወደ ውኃው አላስገባውም። «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» አለው፣ ዳነ። ወደ ውኃው የሚያደርሰው ሰው ያጣውን፣ የውኃው ጌታ ራሱ ካለበት ድረስ መጣለት። አንቺም የተቈለፈ በር ውስጥ ብትሆኚ እርሱ መግቢያ አያጣም። በኋላ በመቅደስ ሲያገኘው ግን «ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ብሎታል። ይህችን ቃል ዘልለን ፈውሱን ብቻ ስለምንተርክ ነው የምንሳሳተው።

ጳጉሜን ማለት «ጭማሪ» ማለት ነው፤ ቃሉ የግሪክ ነው። በ12ቱ ወር ላይ የተጨመሩ 5 ቀናት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ 6። አባቶቻችን የዕለተ ምጽአት ምሳሌ ያደርጓቸዋል። ሳስባቸው ሁልጊዜ ያቺ ፍሬ ያጣች በለስ ትመጣብኛለች። ባለቤቱ ቍረጣት ሲል አትክልተኛው «በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት» ብሎ ለመነላት፤ ዙሪያዋን ሊኮተኩት፣ ፋንድያ ሊያፈስላት (ሉቃ. 13)። ጭማሪው የተሰጣት እንድታፈራ ነበር። ለእኛም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ሥራሽን ጨርሰሽ ክፍልሽ ስትገቢ፣ በመዝሙር 50 ጀምረሽ ዓመቱን በእግዚአብሔር ፊት ዘርዝሪው። በጳጉሜን የሚጾመውን የፈቃድ ጾም የቤቱ ሥራ ካከበደብሽ አትጨነቂበት። ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ያለሽበትን ንገሪያቸው፤ ኑዛዜሽን እንዴት እንደምትፈጽሚ እርሳቸው ይመሩሻል። አገርሽ ስትገቢ ደግሞ ትጠመቂያለሽ፣ ጠበሉ የትም አይሄድም።

እህትሽን ግን እስከዚያ አታቆያት። የጥያቄሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሻት ነገር ከጠበሉ ይልቅ እኔን አሳስባኛለች። ከጳጉሜን 5 በፊት ደውዪላት፤ ብሩን አታንሺ፣ መጀመሪያ ልጆቿን ጠይቂያት። ስልኩን ካላነሣች በማግሥቱ ደግመሽ ደውዪ።